የነሐሴው ስልክ

በነሐሴ ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በላርክ ፖይንት ከተማ ሰው የሚፈልግ ሰው ብዙ መድከም የለበትም፤ ወደ ቨርን ሽሚትከ የጭነት መኪና መሄድ ነው። ሕዝቡ ሁሉ እዚያ ተሰልፎ የበቆሎ እሸት ይገዛል። ቨርን ደርዘን የሚለው አሥራ ሦስት ነው። ለምን ሲሉት «አንዱ ትል ቢገኝበት እንዳታሙኝ ብዬ ነው» ይላል። በመኪናው ጎን «የሽሚትከ እሸት» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ፊደሉ ትልቅ ከመሆኑ የተነሣ ከሐይቁ ማዶ ይነበባል።

ፕሮፌሰር ኦርቪን ቴስዳል በዚያ ቅዳሜ እንደ ወትሯቸው ደርዘን ሊገዙ ቆመው ነበር። ብቻቸውን ለሚኖሩ የሰባ አንድ ዓመት ሰው አሥራ ሦስት እሸት ምን እንደሚያደርግላቸው የጠየቃቸው የለም። ባለቤታቸው ሶልቬግ በሕይወት ሳለች ደርዘን ይገዙ ነበርና ካረፈች ከአራት ዓመት በኋላም ደርዘን ይገዛሉ። ሁለቱን ቀቅለው ይበላሉ፤ የቀረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደርቃል። በየሳምንቱ እየደረቀ ሲጥሉት ቅር ይላቸዋል፤ ግማሽ ደርዘን ብሎ መጠየቅ ግን ከዚያ የባሰ ይከብዳቸዋል።

እርሳቸው በሐይቁ ዳር ባለው የክልሉ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋዎች ትምህርት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በኃላፊነት የቆዩት ወንበሩን ወደውት ብቻ ሳይሆን ሌላ የሚፈልገው ስለጠፋም ነው። ደግ ሰው ናቸው። ደግ ሰው ሲሳሳት ግን ማን ይነግረዋል? ስህተቱ ከደግነቱ ጋር አብሮ ያረጃል።

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከፊታቸው የቆመችው ወጣት ዞር አለች። ማርጎ ሩዴክ ነበረች። በክፍላቸው ፈረንሳይኛ የምታስተምረው እርሷ ናት፤ ማስተማር ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው። ቋሚ ቦታ የላትም፤ በየሴሚስተሩ ትቀጠራለች።

«አንቺ ልጅ፣ ከመደወል አዳንሽኝ» አሏት ፊታቸው እየፈካ። «ሰኞ ልደውልልሽ ነበር።»

«እንግዲያው በእሸት ሰልፍ ላይ ተቀጠርኩ ማለት ነው?»

«ተቀጠርሽ። ሁለት ክፍል፣ ጠዋት ጠዋት፣ እንደ አምናው። እሺ በይኝና እፎይ ልበል።»

ማርጎ እሺ አላለችም። እሸቷን ተቀብላ ወደ ጎን ቆመች። ቨርን አንዴ እርሳቸውን አንዴ እርሷን እያየ «ፕሮፌሰር፣ ዝም ያለች ሴትና ዝም ያለ ሞተር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ከመጥፋታቸው በፊት ድምፅ አያሰሙም» አላቸው። ቀልዱ አልጣማቸውም።

ሁለቱ ከሐይቁ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ምነው ማርጎ? ቅር ያሰኘሁሽ ነገር አለ?»

«እርስዎ አላስቀየሙኝም። ከኩሬው ማዶ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ፕሮፌሰር። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ብለውኛል።»

ከኩሬው ማዶ ማለት የንግድ ትምህርት ክፍል ማለት ነው። በግቢው መካከል ዳክዬ የሚዋኝባት ትንሽ ኩሬ አለች። ከማዶ ምሕንድስናና ንግድ፣ ከወዲህ ቋንቋ፣ ታሪክና ሙዚቃ ሰፍረዋል።

«ንግድ? አንቺ ምን ልታስተምሪ?»

«ደብዳቤ አጻጻፍ። ‹ለጻፉልን ማመልከቻ እናመሰግናለን› የሚለውን ዓይነት። የሦስት ዓመት ኮንትራት ነው። ቢሮም አለው፤ በሩ ላይ ስሜ ይለጠፋል።»

ፕሮፌሰር ቴስዳል የእሸቱን ከረጢት ከጉልበታቸው ላይ አወረዱ። ማርጎ ከሄደች ፈረንሳይኛን የሚይዝ ሌላ ሰው የለም፤ አምና ዲኑ «አስተማሪ ካጣችሁ እዘጋዋለሁ» ብሎ አስጠንቅቋል። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛን የጀመረችው ደግሞ ሶልቬግ ናት። ከሶልቬግ የቀራቸው ቤቱና ያ ትምህርት ነው፤ ቤቱ ዝም ብሏል፤ ትምህርቱ ግን ገና ይናገራል። አሥራ አራት ቁጥር ክፍል አጠገብ ሲያልፉ የተማሪዎቹን የተንሻፈፈ ፈረንሳይኛ ለመስማት እርምጃቸውን የሚያቀዘቅዙበት ምክንያት እርሱ ነው። ይህን ግን ለማንም ነግረው አያውቁም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል» አሏት። «የምትወጂውን ትተሽ?»

«የብብቴ ምን አለኝና፣ ፕሮፌሰር? ያለኝ እስከ ታኅሣሥ ነው። ከታኅሣሥ በኋላ እንደገና ስልክ እጠብቃለሁ።»

«በእኔ ቃል ተማምኖ ሜዳ ላይ የቀረ ሰው ጥሪ እስኪ።»

«የለም።»

«ቃል የእምነት ዕዳ ነው። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ በነሐሴ ሳልደውል የቀረሁበት ዓመት የለም። ማዶ ያሉት በወረቀት ይቀጥራሉ፤ እኔ በሰውነት እቀጥራለሁ። ስምሽን አውቃለሁ፤ እናትሽ ጉልበቷን የታመመችውንም አውቃለሁ። ወረቀቱ ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም። እርስዎስ ሐምሌን ያውቁታል?»

«ሐምሌን?»

«ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ያለውን። የቤት አከራዬ በሰኔ ‹በመጸው ትኖሪያለሽ ወይ?› ብላ ትጠይቀኛለች፤ አላውቅም እላታለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ አላውቅም አልኳት። አሁን አሁን ሰነፍ መስያታለሁ። ውሻ እፈልጋለሁ፣ ፕሮፌሰር። ከልጅነቴ ጀምሮ እፈልጋለሁ። ስልኩ ሳይመጣ ቢቀርና ከተማ ብለቅ ውሻውን ወዴት አደርገዋለሁ? እርስዎ ደውለው ሁለት ደቂቃ ያወሩኛል፤ ጨዋታዎም ደስ ይላል። እኔ ግን ያቺን ሁለት ደቂቃ ስጠብቅ ሁለት ወር አልፏል።»

ፕሮፌሰሩ ሐይቁን ተመለከቱ። አንድ ሰው ጀልባውን ሊያስነሣ ገመድ እየጎተተ ሞተሩ እምቢ ይለዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ነገሩን በደንብ እንዲይዘው አንድ ወረቀት ማንሣት ያስፈልጋል። ዲኑ በሚያዝያ ለየትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ያንኑ ወረቀት ልኮ ነበር። ቋሚ ቦታ የሌለው መምህር በሁሉም ክፍል በአንድ ደንብ ይቀጠር፤ ማስታወቂያው በየካቲት ይውጣ፤ ኮሚቴ ይምረጥ፤ ኮንትራቱ ሦስት ዓመት ይሁን፤ አምስት ዓመት ያገለገለ ደግሞ ኃላፊው በፈረመበት ቀን ይህንኑ ያግኝ ይላል። ዲኑ ግን ጠብ አይወድምና የማይፈልግ ክፍል አይፈርም ብሎ ተወው። የማዶዎቹ በሳምንቱ ፈረሙ። ታሪክም ሙዚቃም ዘግይተው ፈረሙ። የቴስዳል ወረቀት እስከዚህ ቅዳሜ ድረስ ጠረጴዛቸው ላይ ከቡና ስኒ ሥር ተኝቷል። አንድ ግቢ፣ አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት ተማሪ፤ መምህሩ ግን በኩሬው ማዶ ልጅ ነው፤ በቋንቋዎች ክፍል የእንጀራ ልጅ ነው።

«የዲኑን ወረቀት ልታነሺብኝ ነው» አሉ ቀድመዋት። «ምሕንድስና ይፈርም እንጂ። መሐንዲሱን ፋብሪካው ይሻማበታል፤ ቶሎ ካልያዙት ይሄዳል።»

«እኔን የሚሻማ ስለሌለ ልጠብቅ ነው?»

«እንደዚያ አልወጣኝም።»

«ያሉት እንደዚያው ነው። ማዶ ያለውን የሚቀጥሩት እንዳይሄድባቸው ነው፤ እኛን በስልክ የሚጠሩን የትም እንደማንሄድ ስለሚያውቁ ነው። ይኸው አንዷ ልትሄድ ነው።»

ሽማግሌው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «አፍሽ ስለት ሆነ። ማስታወቂያ ወጥቶ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሰው ቢገባብኝስ?»

«እኔንስ ከየት አወቁኝ? የሶልቬግ ተማሪ ስለሆንኩ ነው። ባልደረባዬን ካርላን ያወቋት ጎረቤትዎ ስለሆነች ነው። እሰየው፤ ተጠቅመናል። ግን ሶልቬግን ያላወቀችና ጎረቤትዎ ያልሆነች፣ ከእኔ የተሻለች አስተማሪ ስንት ጊዜ በዚህ በር አልፋ ሄዳለች? ስልክ የሚደውለው ለሚያውቀው ነው።»

ፕሮፌሰሩ መልስ ያጣ መምህር እንደሚያደርገው ወደ ቀልድ ዞሩ።

«ባለፈው ሳምንት ለክፍላችን ደብዳቤ መጣ። ‹ለክቡር ፕሮፌሰር ስታፍ› ይላል። አንዱ አዲስ ተማሪ የኮርስ ዝርዝሩን አይቶ ‹እኚህ ፕሮፌሰር ፈረንሳይኛም ስፓኒሽም ፒያኖም በአንድ ሰዓት ያስተምራሉ፤ እባክዎ መቼ ይተኛሉ?› ብሎ ጽፏል። ሳቅሁኝ እስኪያመኝ።»

ማርጎ አልሳቀችም። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የኮርስ ዝርዝር ሲታተም የቋሚ መምህር ስም ከኮርሱ ጎን ይወጣል። በስልክ የሚቀጠረው ግን ዝርዝሩ ሲታተም ገና አልተደወለለትምና በስሙ ፋንታ «ስታፍ» ተብሎ ይጻፋል። ሠራተኛ ማለት ነው፤ የትኛው ሠራተኛ ግን አይልም።

«እኔም አንድ ጊዜ ለፕሮፌሰር ስታፍ ልጽፍ ነበር» አለች። «ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከላም በረት ነው የመጣሁት፤ ከተማው ራሱ ያስፈራኛል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሶልቬግ አስተማረችኝ። ‹ዝናብ› የሚለውን ቃል በፈረንሳይኛ ስትለው መስኮቱን እናይ ነበር፣ የምር የዘነበ እየመሰለን። ለሁለተኛው ሴሚስተር ስመዘገብ ዝርዝሩን ገልጬ ቴስዳል የሚለውን ፈለግሁ። ጀርመንኛ ላይ እርስዎ አሉ። ፈረንሳይኛ ላይ ስድስት ጊዜ ስታፍ ይላል። ከስድስቱ አንዱን በጭፍን መረጥኩና ሳትሆን ቀረች። እንደገና ተማሪዋ ሳልሆን ተመረቅሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ፕሮፌሰር። አሁን ድረስ ክፍል ስገባ ያልተማርኳቸውን ሦስት ዓመታት እናፍቃለሁ።»

«ተሳስተሻል» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ከረር አለ። «የሶልቬግ ስም አለ። ዝርዝሩን የማዘጋጀው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እርስዎ ያውቃሉ።»

«የሶልቬግ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እርሷ ስልኩን አልጠበቀችም፤ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው።» ወዲያው አንዲት ትዝታ መጣችባቸውና ከረር ያለው ድምፃቸው ላላ። «የሹመት ፊርማዋ የዲኑ ነበር፤ መደወሉ ግን የእኔ ነው። በየዓመቱ በነሐሴ፣ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከቢሮ ወደ ቤት እደውልና ‹ወይዘሮ ቴስዳል ነዎት? ከዩኒቨርሲቲው ነው፤ ሁለት ክፍል ፈረንሳይኛ ይችሉልናል?› እላታለሁ። ‹ቆይ ባለቤቴን ላማክር› ትለኛለች። በሳቅ እንሞታለን። ማርጎ፣ ያቺን ስልክ እንደገና ለመደወል የማልሰጠው ነገር የለም።»

ማርጎ ከረጢቱን ከእግሯ ሥር አዙራ አስቀመጠች። ሰውን ማስከፋት አትወድም።

«ሶልቬግ ነግራኛለች» አለች። «አብረን ያስተማርንበት ዓመት ነው፤ አራታችን በአንድ ጠረጴዛ ስንጠቀም። ስልኩ ገና አልመጣልኝም ነበርና ተጨንቄ እንዴት ትችይዋለሽ አልኳት። ‹ኦርቪን ይቀልዳል› አለችኝ። ‹ቀልዱን እወደዋለሁ። ግን እስኪቀልድ እጠብቃለሁ። በዚያ ሰኞ ጠዋት ምሳ አልሠራም፤ ስልኩ አጠገብ ቁጭ እላለሁ። ዘንድሮ ባይቀልድስ እላለሁ።›»

ፕሮፌሰር ቴስዳል ተነሡ። እሸታቸውን አግዳሚው ላይ ረስተው ሄዱ። ቨርን ከኋላቸው ቢጣራም አልሰሙትም።

በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ነው የሄዱት። የድሮ የኮርስ ዝርዝሮች ከታችኛው ፎቅ ተጠርዘው ተቀምጠዋል። ማርጎን ሊያሳፍሯት ነበር ሐሳባቸው፤ የሶልቬግን ስም አግኝተው ገጹን ሊያሳዩአት። ሶልቬግ ያስተማረችው ሃያ ሁለት ዓመት ነው፤ አርባ አራት ሴሚስተር። የመጀመሪያውን ገለጡ፤ ስታፍ። አሥረኛውን ገለጡ፤ ስታፍ። የምትወደውን የግጥም ኮርስ ያስጀመረችበትን ዓመት ፈለጉ፤ ኮርሱ አለ፤ ከጎኑ ስታፍ። ቃሉን ራሳቸው በእጃቸው ጽፈው ለማተሚያ ቤት ልከውታል፤ ምሽት ላይ፣ ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ እርሷ ፊት ለፊታቸው ሹራብ እየሠራች። እጃቸው ለምዶት ነበር። እርሷም አልተናገረችም።

ለምን አልነገርሽኝም ብለው አሰቡ። መልሱንም አወቁት። የሚቀጥራትም የሚያፈቅራትም አንድ ሰው ከሆነ ለማን ትናገር? ከማዶ ብትሆን ኮሚቴ ነበራት፤ እዚህ ባል ነበራት።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ስትመጣ ሽማግሌው በእርሳስ ሲጽፉ አገኘቻቸው።

«ፕሮፌሰር፣ እዚህ ላይ መጻፍ ክልክል መሆኑን እርስዎ ያጡታል?»

«ስህተት እያረምኩ ነው» አሏት። ገጹን አየች፤ በስታፍ ጎን በቀጭን ፊደል ሶልቬግ ቴስዳል ተብሎ ተጽፏል። ሌሎቹን ቅጾችም አምጥታ አጠገባቸው አስቀመጠችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

በማግስቱ እሑድ ፕሮፌሰሩ ለማርጎ ስልክ አልደወሉም። በእግራቸው ቤቷ ድረስ ሄዱ። የአከራይዋን በር ሲያንኳኩ እጃቸው ላይ የቡና ስኒ ክብ የታተመበት ወረቀት ነበር፤ ከግርጌው ተፈርሟል።

«አምስት ዓመት ካገለገልሽ ሁለት ዓመት አልፎሻል» አሏት። «ኮንትራቱ ሦስት ዓመት ነው። ቢሮሽ አሥራ አራት ቁጥር አጠገብ ያለችው ናት፤ የካርታ ዕቃ ቤት ያደረግናት። ሥራውን ከወደድሽ ነው እንጂ ለእኔ ብለሽ እሺ እንዳትዪኝ። ለእኔ ብሎ የሚሠራ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ይብቃኝ።»

ማርጎ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «በበሩ ላይስ?»

«ሩዴክ። ፊደሉን እንደ ቨርን መኪና ላድርገው?»

ያን ጊዜ ሳቀች። የሰኞውን መልስም ለንግድ ክፍል ጻፈች፤ «ለሰጡኝ ዕድል አመሰግናለሁ» በሚለው ዓይነት ደብዳቤ።

ነገሩ እንዴት ሆነ ለሚል ሰው እነሆ። በየካቲት የቋንቋዎች ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የሥራ ማስታወቂያ አወጣ፤ ለአንድ የስፓኒሽ ቦታ ሠላሳ አንድ ሰው አመለከተ። የተመረጠው ፕሮፌሰሩ ስሙን ሰምተውት የማያውቁት ከሰሜን የመጣ ሰው ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ክፍሉ ሞልቶ ተማሪ በመስኮት ደፍ ላይ እስኪቀመጥ ደረሰ። ካርላም በጎረቤትነት ተቀጠረች የሚላት ሳይኖር በሥራዋ ቆየች። መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት እንዳለ ሲያውቅ ለሚቀጥለው ዓመት ያስባል፤ ማርጎ የሶልቬግን የግጥም ኮርስ አስነሣችው። ዝርዝሩ ሲታተም ስም ስላለበት ተማሪ የወደደውን መምህር ፈልጎ ያገኛል። ወረቀት ሰውን ያርቃል ይሉ የነበሩት ሽማግሌም ወረቀቱ የሚያርቀው ፍርሃትን ብቻ እንደሆነ አዩ፤ አሁን ማርጎ ሐሳባቸውን ስትቃወም በሙሉ ድምፅ ነው፤ እርሳቸውም ይህን ወደዱት። ማርጎ ውሻም ገዛች። ስታፍ ብላ ጠራችው፤ ስሙ ቢያንስ አንድ ባለቤት ይኑረው ብላ ነው። እናንተም በእጃችሁ ሰው የምትቀጥሩ፣ በየዓመቱ አንድ ደግ ቃል የምትሰጡ ከሆነ፣ ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ወር አንድ ቀን ኑሩት።

ፕሮፌሰር ቴስዳል ኖሩት። በሚቀጥለው ነሐሴ የሚደውሉለት ሰው አልነበረም። ሰኞ ጠዋት እሸቱን ሳይቀቅሉ በወጥ ቤቱ ስልክ አጠገብ፣ ሶልቬግ ትቀመጥባት በነበረችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስልኩ ዝም እንዳለ እኩለ ቀን እስኪሆን ጠበቁ። ጠዋቱ እንዲህ ረጅም መሆኑን አያውቁም ነበር። እርሷ ሃያ ሁለት ጊዜ ጠብቃዋለች።